ባለሦስት እግሯ ፍየል

እንግዳ እወዳለሁ፤ ይበልጥ የምወደው ግን ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ ሲወጣ ነው። መንደራችን ሞንታሪዩ ኮረብታ አናት ላይ ስለተቀመጠች መኪና ከታችኛው የድንጋይ በር አያልፍም። ከበሩ እስከ እኔ ቤት መቶ አርባ ሁለት ደረጃ አለ። ልጅ ሳለሁ እኔ ቆጥሬዋለሁ፤ አሁን ጉልበቴ ይቆጥርልኛል። ኦዲሎን የመጣ ዕለት ያንን ሁሉ ወጥቶ ደጄ ላይ ሲቆም ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር። ትንፋሹን ሳይሰበስብ የእጅ ሰዓቱን አየ።

"ሦስት ደቂቃ አርፍጃለሁ ማዳም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለኝ።

"ሙሴ፣ እዚህ ደቂቃ የሚቆጥር የለም። የቤተ ክርስቲያናችን ደወል እንኳ ሰዓቱን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የሚደውለው፤ በመጀመሪያው ያልሰማ በሁለተኛው ይሰማል" አልኩት።

ወይን የሚለቀምበት ሰሞን ነበር። ሙሴ ማለት በኛ አገር አቶ ማለት ነው እንጂ ሰውየው ኦዲሎን ደስዋርት ይባላል፤ ከሊል የመጣ ሰሜነኛ ነው። እኛ የደቡብ ፈረንሳይ ሰዎች ስለ ሰሜነኛ የምናውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ድንች ይበላል፣ ፀሐይ ሲያይ ይደነግጣል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ትራም ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። "ሐዲድ የሌለበት ቦታ ስፈልግ ነው እዚህ የደረስኩት" አለኝ። የማከራየውን ክፍል የያዘው ለሦስት ሌሊት ብቻ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ቡናውን ጨርሶ የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ እየለቀመ "ማዳም ዜሊ፣ ክፍሉ ካልተያዘ አንድ ሌሊት ልጨምር?" አለኝ። በአምስተኛውም ቀን እንዲሁ። በስድስተኛውም። ሁልጊዜ አንድ ሌሊት ነው፤ አንድም ቀን ሁለት ብሎኝ አያውቅም። እኔም በጣም እንደማስብ ሰው ደብተሬን ገለጥ ገለጥ አደርግና "እስቲ ይሁን" እላለሁ።

ክፍሉ ተይዞ ነበር። ከሊዮን የሚመጡ ባልና ሚስት ከሁለት ወር በፊት ይዘውት ነበር። ስልክ ደወልኩላቸውና "ጣሪያው ያፈሳል፣ በጣም አዝናለሁ" አልኳቸው። ጣሪያዬ ጠብ አያደርግም። ባሌ አሜዴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከመሞቱ በፊት በነበረው በጋ ሸክላውን አንድ በአንድ በገዛ እጁ ቀይሮታል። እሱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዋሽቼ እንግዳ የመለስኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ስልኩን ዘግቼ እስከ ጆሮዬ ጫፍ ጋልኩ።

ለካ ኦዲሎን ደረጃው ላይ ቆሞ ሰምቶኛል። በማግስቱ ከአጎቴ ልጅ ከባርቴልሚ መሰላል ተውሶ፣ ባልዲ አንጠልጥሎ ጣሪያዬ ላይ ወጣ። ግማሽ ቀን ቀዳዳ ሲፈልግ ዋለ። ሲወርድ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ ቀና ሳልል "አገኙት?" አልኩት።

"እየፈለግኩት ነው" አለኝና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

አንድ የሚያናድድ ጠባይ ነበረው። ወጥቶም ሆነ ገብቶ በሩን ቶሎ አይዘጋም፤ እጀታውን ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል። በኛ አገር ነፋስ ይህ ጠባይ አይቻልም፤ ሻማው ይጠፋል፣ መጋረጃው ሾርባ ውስጥ ይገባል።

"እግዜር ያሳይዎ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?" አልኩት አንድ ቀን።

"ማንንም። ልማድ ሆኖብኝ ነው። ትራሙን ከማስነሳቴ በፊት በሩን አሥር ሰከንድ ክፍት አቆየው ነበር። ሁልጊዜ እየሮጠ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።"

"ባይኖርስ?"

"ሳይኖር ቀርቶ አያውቅም ማዳም ዜሊ። ከጥግ ብቅ ይላል።"

"እዚህ እየሮጠ የሚመጣው ነፋስ ነው፤ እሱን ካሳፈሩ ይበቃል፤ ይዝጉት" አልኩት። እየሳቀ ዘጋው።

እንዲህ እያልን አሥራ ሰባት ሌሊት አለፈ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት አንድ ሌሊት ልጨምር ማለቱን ትቶ ስኒውን አሽከረከረ። ልጁ ክሎቲልድ ሊል ውስጥ ከሷ ቤት ሥር ያለ ትንሽ አፓርታማ አግኝታለታለች። አሳንሰር አለው። ከቅዱስ ሚካኤል ማግስት እንዲገባ ይጠበቅበታል፤ እኛ የዳቦ ቀን የምንለው በዓል ያ ነው፤ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

"አሳንሰር ጥሩ ነገር ነው" አልኩ።

"አዎ፣ ጥሩ ነገር ነው" አለ።

እንዲሄድ አልፈለግኩም። ነገሩ ይኸው ነው፤ አሁን ስናገረው ቀላል ነው። በስድሳ ስምንት ዓመቴ አንድ ድንች በል ሰሜነኛ ከጠረጴዛዬ ማዶ ተቀምጦ ፍርፋሪ እንዲለቅም ፈለግኩ። ይህን በአፌ ከምናገር ግን ያንን ደረጃ ማቀዝቀዣ ተሸክሜ ብወጣው ይሻለኝ ነበር።

ዓመቱን ሙሉ ዳቦ የሚያመጣልን መኪና ከታችኛው በር ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ወርደን እንገዛለን። በዳቦ ቀን ግን አደባባዩ ላይ ያለውን አሮጌ ምድጃ አንድደን ሁሉም ቤት ያቦካል፣ ሁሉም ቤት ይጋግራል። ምድጃው አንድ ስለሆነ ዳቦው እንዳይምታታ እያንዳንዱ ቤት ከእንጨት የተፈለፈለ ማኅተም አለው፤ ሊጡ ላይ ተጭነው ምልክቱን ይተዉበታል። የባርቴልሚ ቤት ምልክት ቁልፍ ነው። የአክስቴ ኖኤሚ ወፍ ነው። የኔ ቤት ፍየል ናት። አራተኛ እግሯ በአያቴ ዘመን ተሰብሮ ስለጠፋ የኔ ዳቦ ሁልጊዜ በሦስት እግሩ ነው የሚቆመው።

የእንግዳ ዳቦ ማኅተም አይነካውም። በአውራ ጣት ሦስት ቦታ ወጋ ወጋ ይደረግና ያልፋል። ምክንያቱም እዚህ መንደር ብቻውን የሚኖር ሰው የቤቱን ማኅተም ብቻውን በሚኖር ሌላ ሰው ዳቦ ላይ ካተመ፣ ቤቴ ግባና አብረን እንኑር ማለቱ ነው። የተጠየቀው ሰው ዳቦውን አደባባይ ላይ ቆርጦ ምልክት ያለበትን ቁራሽ ከጠያቂው ጋር ከተካፈለ እሺ ብሏል። ሙሉውን ምድጃው አፍ ላይ መልሶ ካስቀመጠው አልፈልግም ማለት ነው፤ ማንም አይቀየምም፣ ማንም ሁለተኛ አያነሳውም። እናቴ አባቴን የጠየቀችው እንዲህ ነው። እኔም አሜዴን እንዲህ ነው ያገባሁት፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስላተምኩት የፍየሏ ቀንድ ሁለት ቦታ ወጥቶ ነበር።

በዳቦ ቀን ጠዋት ኦዲሎንን ወጥ ቤቴ ውስጥ ማቡካት አስተማርኩት። ሊጡን እንደሚፈራው ሰው በጣቱ ጫፍ ነበር የሚነካው።

"ይምቱት እንጂ፣ አይነክስዎትም" አልኩት።

"የሰሜን ሰው መጀመሪያ ይተዋወቃል" አለኝ።

የሱ ዳቦ አንድ ትከሻው ከፍ ብሎ ጠማማ ሆኖ ወጣ። ከኔ አምስት ዳቦዎች ጎን በአንድ ሳንቃ ላይ ደርድረን ወደ አደባባዩ ይዘነው ወጣን።

የመጀመሪያውን ዙር ማንም አይፈልገውም፤ ምድጃው ገና እሳት ስለሆነ የዳቦው ሥር ያርራል። ስለዚህ ዕጣ ይወጣል። ባርቴልሚ ከንቲባችንም የምድጃው ኃላፊም ነው፤ ማኅተሞቹን ሁሉ ከረጢት ውስጥ ከቶ እጁን ሰደደና አንድ አወጣ። የኔ ፍየል ነበረች። ሦስት ዓመት በተከታታይ መጀመሪያ የወጣችው እሷ ናት። ከሷ ቀጥሎ የአክስቴ ኖኤሚ ወፍ ወጣ፤ የሱ ቁልፍ እንደተለመደው ከከረጢቱ ሥር ቀረ።

"ባርቴልሚ፣ እጅህ ዓይን አለው እንዴ?" አልኩት።

"ምን ላድርግ፣ ፍየልሽ ቀንዷን አስቀድማ ነው የምትጠብቀኝ።"

"ቁልፍህስ? ሦስት ዓመት ሙሉ መጨረሻ የሚወጣው ዝጎ ነው?"

"ከንቲባ ሕዝቡን አስቀድሞ ነው የሚበላው ዜሊ። ትሕትና ይባላል።"

"ሌብነት ነው የሚባለው።"

"እሳቱ ደርሷል፤ አትሚና አምጪ። ስድቡን እያተምሽ መጨረስ ትችያለሽ።"

እኔም እንዳለኝ አደረግኩ። ማኅተሙን ከእጁ ነጥቄ፣ ዓይኔን ከፊቱ ሳልነቅል፣ አጎቴ ማለትም የራሱ አባት ካርታ ሲጫወት እንዴት ያጭበረብር እንደነበር እያስታወስኩት ሳንቃው ላይ ያለውን ሁሉ በየተራ ተጫንኩ። ጨርሼ እጄን ስጠርግ ልቤ ቀለለኝ። ሳንቃውን ወሰዱት፣ ዳቦው ገባ፣ የምድጃው በር ተዘጋ።

ዳቦ ሲወጣ ባርቴልሚ በረጅሙ የእንጨት አካፋ አንድ በአንድ እየሳበ ምልክቱን ይጠራል፤ ባለቤቱ በጨርቅ ይቀበላል። ወፍ፣ አለ። ወፍ። ፍየል። ፍየል። ሥሩ እንደጠረጠርኩት አርሯል። አምስት ጊዜ ተጠራሁና አምስት ጊዜ ተቀብዬ ወደ ጥላው ዞርኩ።

"ፍየል" አለ ባርቴልሚ።

"ተሳስተሃል፤ ያቦካሁት አምስት ነው" አልኩት ሳልዞር።

"ያተምሽው ስድስት ነው" አለኝ። ድምፁ ተለውጦ ነበር።

ዞርኩ። አካፋው ላይ አንድ ትከሻው ከፍ ያለ ጠማማ ዳቦ ተቀምጧል፤ መሐሉ ላይ ፍየሌ በሦስት እግሯ ቆማለች።

"እሱ የኔ ነው" አለ ኦዲሎን፣ እጁን ዘርግቶ።

አክስቴ ኖኤሚ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው፣ ግን መንደሩ ሁሉ አክስቴ ይላቸዋል። ከወንበራቸው ሳይነሱ "እስቲ ወዲህ አምጡት" አሉ። ዳቦውን ጭናቸው ላይ አድርገው እግሮቹን በጣታቸው ቆጠሩ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በደንብ ታትሟል" አሉና ደወሉ እንዲደወል አዘዙ።

ከዚያ በኋላ ጉድ ፈላ። ደወሉ ተደወለ፣ የወይን ጠጅ ተከፈተ፣ ሰው ሁሉ ኦዲሎንን ጉንጭና ጉንጩን እየሳመ እንኳን ደስ ያለህ ይለው ጀመር። እሱም ለእያንዳንዱ "የመጀመሪያዬ ነው፤ ትንሽ ጠመመብኝ እንጂ" ይላል። ዳቦው ስለተሳካለት የሚያመሰግኑት መስሎታል አልኩ በልቤ። ስህተት ነው፣ ባርቴልሚ አናዶኝ ነው ብል ሁሉም ይስቅና በዚያው ያልቅ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

"ትኩሱን እንዳይበሉት፣ ሆድ ይነፋል" ነበር የወጣው።

ባርቴልሚ ቢላውን ጠርጎ አቀበለው። ኦዲሎን ቢላውን አየ፣ ዳቦውን አየ፣ ከዚያ እኔን ረጅም ጊዜ አየኝ። ቢላውን ቀስ አድርጎ ለባርቴልሚ መለሰለት።

"ይህን ለልጄ ብወስድላት ቅር ይላችኋል?" አለ፤ ዳቦውን በኮቱ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ያዘው።

በመንደሩ ታሪክ እንዲህ ያደረገ ሰው የለም። እሱ ሻንጣውን ሊያዘጋጅ እንደሄደ ሁሉም አክስቴ ኖኤሚን ከበቧቸው።

"አልቆረጠውም" አለ አንዱ።

"አልመለሰውም እኮ" አለች ሌላዋ።

"ታዲያ ምን ማለቱ ነው? እሺ ነው፣ እንቢ ነው? ምክር ቤቱን ልሰብስብ እንዴ?" አለ ባርቴልሚ።

"አንተ ዝም በል፤ ያበላሸኸው አንተ ነህ" አልኩት።

አክስቴ ኖኤሚ አሰቡ፤ ከወይን ጠጃቸው ጎንጨት አሉና እንደገና አሰቡ። "ዳቦው እስኪሻግት ጥያቄው ጥያቄ ነው። ከሻገተ ማንም ምንም አልጠየቀም" ብለው ፈረዱ።

በማግስቱ ጠዋት ትንሿን ቦርሳውን ይዤለት አብሬው ወረድኩ። በየደረጃው አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጀሁ፤ ታች ስደርስ መቶ አርባ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። አውቶቡሱ ቆሟል።

"ሙሴ ኦዲሎን" አልኩ።

"አቤት ማዳም ዜሊ።"

"ዳቦውን... ፕላስቲክ ውስጥ እንዳይከቱት። ይሻግታል። በጨርቅ ነው የሚጠቀለለው።" የአንገት ሻርፔን ፈትቼ ሰጠሁት።

"በጨርቅ" አለ።

"በጨርቅ" አልኩ።

ወጣ። የአውቶቡሱ በር ላይ እንደቆመ ዞሮ አየኝ። ሾፌሩ "ይግቡ ሙሴ፣ ልዝጋው" አለው። ኦዲሎን "እባክህ አሥር ሰከንድ" ሲለው ሰማሁ። አሥር ሰከንድ ቆመ፤ የሚሮጥ ሰው አልነበረም። እኔ አንድ እርምጃ ብራመድ ይበቃ ነበር፤ እግሬ ግን ከድንጋዩ ጋር ተጣበቀ። በሩ ተዘጋ። ስመለስ እስከ ላይ አለቀስኩ፤ ያገኘኝን ሰው ሁሉ ነፋሱ ነው አልኩት።

አክስቴ ኖኤሚ ከዚያው ዙር ከወጡት ዳቦዎቻቸው አንዱን በጨርቅ ጠቅልለው መስኮታቸው ላይ አስቀመጡት፤ የሱ እንዴት እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ ሥራ ፈታ። ጠዋት ዳቦ ሊገዛ የሚወርደው ሁሉ በመስኮቱ በኩል ያልፋል፤ ጨርቁን ገለጥ፣ አሸተት፣ በጣት ኳ ኳ ያደርጋል። "እንዴት አደረ?" ይላሉ፤ "ደህና አደረ" ይባላል። ባርቴልሚ ሳይቀር ኮፍያውን አውልቆ ነበር የሚያሸተው።

ስልኬ የጮኸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስሮጥ ወንበር ገለበጥኩ። የሊዮኖቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ ጣሪያው ተጠግኖ እንደሆነ ሊጠይቁ ነው። "ገና ነው" አልኳቸው። ክፍሉን ለማንም አልሰጠሁም። አንሶላውን ቀየርኩ፣ እንደገና ቀየርኩ፣ ማንም አልተኛበትም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዳቦው ጠርዝ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ወጣች። እኔ፣ ባርቴልሚና አክስቴ ኖኤሚ አንገታችንን አስግገን አየናት። አክስቴ ኖኤሚ ከኪሳቸው ቢላ አውጥተው ፋቅ አደረጓት።

"ዱቄት ናት" አሉ።

"አክስቴ፣ ዱቄት አረንጓዴ ነው እንዴ?" አለ ባርቴልሚ።

"ዘጠና አንድ ዓመቴ ነው፤ ዓይኔ አረንጓዴ አያይም።"

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አደባባዩ ላይ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። ከታች በኩል የሻንጣ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ተሰማ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ይቆምና እንደገና ይጀምራል። መቁጠር ጀመርኩ፤ መቶ ምናምን ላይ ልቤ እየመታ ከቁጥሩ ጋር ተምታታብኝ። በየቤቱ መስኮት ተከፈተ። ኦዲሎን ከአንሶላው ማዶ ብቅ አለ፤ ፊቱ ያው ቲማቲም፣ ሻንጣው ግን ሁለት ሆኗል፤ አንገቱ ላይ ሻርፔን አስሯል። ሰዓቱን አየ።

"አሥራ ሦስት ቀን አርፍጃለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለኝ።

"ልጅዎስ? አፓርታማውስ?" አልኩ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ የመጣልኝ ይህ ነው።

"ክሎቲልድ ዳቦውን ልትቆርጥ ቢላ ስታነሳ እጇን ያዝኳት። 'አባባ፣ ዳቦ እኮ ነው' አለችኝ። የፍየሏን ነገር ነገርኳት። አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። ከዚያ ለአፓርታማው ሌላ ሰው ፈለገችለት። ለገና እመጣለሁ ብላለች፤ ጣሪያው ካላፈሰሰ።"

የፍየሏን ነገር ሲል አንሶላው ከእጄ ወደቀ። "ማን ነገረዎት?"

ኦዲሎን ወደ አክስቴ ኖኤሚ መስኮት አየ።

"እኔ ነኝ" አሉ እሳቸው ከመስኮቱ፣ ምንም ሳያፍሩ። "በመጣ በሳምንቱ ነው፤ ባቄላ ሲፈለፍልልኝ። ሌላ ምን ወሬ አለኝ ብለሽ ነው?"

"ካወቁ ለምን አልቆረጡትም?" አልኩት ኦዲሎንን። ተቆጥቼ ነበር፤ አሥራ ሦስት ቀን የተጠራቀመ ቁጣ ነው። "ለምን አልመለሱትም? መንደሩን ሁሉ ዳቦ አሽታች አደረጉት እኮ።"

"ሲያትሙ አይቼዎታለሁ ማዳም ዜሊ። ዓይንዎ ባርቴልሚ ላይ ነበር፤ ዳቦዬን አላዩትም። ስህተት ከሆነ በሰው ፊት ቆርጬ እንዴት ላስጨንቅዎ? መመለስ ደግሞ አልቻልኩም፤ ውሸት ይሆንብኛል። ይዤው ልሂድና ጊዜ ልስጥዎ አልኩ። ስህተት ነው ይሉኛል ብዬ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ጠበቅኩ።"

"ስለ ፕላስቲክ ነገርኩዎ።"

"ስለ ፕላስቲክ ነገሩኝ። እስከ ሊል ድረስ ሳስበው ሄድኩ። ዳቦው እንዳይሻግት የሚሰጋ ሰው ምን ማለቱ ይሆን እያልኩ።" ሻንጣዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠ። "አሁን ይንገሩኝ። ስህተት ነበር?"

ባርቴልሚ ከምድጃው አጠገብ መጥረጊያ ይዞ ቆሟል፤ አይጠርግም። ውሸት ዋሽቼ አይቼዋለሁ፣ ጆሮ ያግላል።

"ስህተት ነበር" አልኩ። "ተናድጄ የማንን እንደማትም አላየሁም። አይቼው ቢሆን ግን እጄ ይንቀጠቀጥና እተወው ነበር፤ አልደፍርም። እንኳን ተናደድኩ። እንዲሄዱ አልፈለግኩም። ክፍሉ የሊዮኖች ነበር። ጣሪያው ደህና ነው።"

"ጣሪያው ደህና መሆኑንማ የወጣሁ ዕለት አውቄያለሁ" አለ ኦዲሎን። "ታዲያ ከዚያ በኋላ አንድ አንድ ሌሊት እያልኩ እጠይቅ የነበረው ለምን ይመስልዎታል? በየጠዋቱ እሺ ሲሉኝ መስማት ፈልጌ ነው።"

ሻንጣውን ከፍቶ ዳቦውን አወጣ። በሸሚዝ ተጠቅልሏል፤ ሻርፔን ለራሱ አስቀርቶታል። አንድም ነጥብ የለበትም፤ ግን ድንጋይ ሆኗል። ባርቴልሚ ቢላውን አመጣ፤ ቢላው ተንሸራተተ። ትልቁን ቢላ አመጣ፤ እሱም ጫፉ ታጠፈ።

"ይህን ለመንደሩ ግንብ መጠገኛ ብትሰጡኝ ይሻላል" አለ ባርቴልሚ። እኔ ስድብ ከማግኘቴ በፊት ሮጦ የእንጨት መጋዙን ይዞ መጣ። እስከዚያ መንደሩ ወጥቶ አደባባዩ ሞላ፤ አክስቴ ኖኤሚንም ከነወንበራቸው ተሸክመው አወጧቸው።

ኦዲሎን ዳቦውን በአንድ እጁ ያዘ፣ መጋዙን ፍየሏ ወገብ ላይ አሳረፈ። አሳርፎም ቆመ። አልገዘገዘም፤ ቀና ብሎ ሰዓቱን አየ።

"ምን ሆነ ደግሞ?" አለ ባርቴልሚ።

እኔ ግን ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ያኔ ታች በር ላይ የተጣበቀው እግሬ አሁን ተላቀቀ፤ ወደሱ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ፣ ዳቦውን በሌላኛው ጎን ያዝኩለት።

"ሁሉም ተሳፍሯል" አልኩት። "ዝጋው።"

አንተ ስለው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ገዘገዘው። ጭንቅላቷና አንዱ እግሯ ለሱ፣ ሁለቱ እግሮቿ ለኔ ደረሱኝ። አክስቴ ኖኤሚ ሾርባ ውስጥ ንከሩት እያሉ ይጮሃሉ፤ ማን ይስማቸው። ያ ቁራሽ አንድ የመንጋጋ ጥርሴን ወሰደው። ሰኞ ዕለት ለጥርስ ሐኪም አብረን በአውቶቡስ ወረድን፤ ስንመለስ የቤቱን በር ሳይዘጋ ቆሞ ጠበቀኝ፤ እኔም ነፋሱን አላነሳሁበትም።